አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ መሥራት፦ የአሊሺያ ኪይስ አልበም ሐዋሳ ላይ ያስነሳው ክርክር

ጥያቄውን ያነሳችው፣ ከፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ፒያኒስት አሊሺያ ኪይስ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ኪይስ» የተባለው አልበም ለሁለት ከፍሎናልና በግልጽ እንነጋገርበት። አልበሙ 26 ትራክ አለው። «ኦሪጅናልስ» የሚለው ክፍል በፒያኖዋና በድምፅዋ ዙሪያ የተሠራ ነው። «አንሎክድ» የሚለው ደግሞ ከእነዚያ ቅጂዎች አብዛኞቹን ሳምፕል አድርጋ (ቁራጭ እየወሰደች)፣ ከፕሮዲዩሰሩ ማይክ ዊል ሜድ ኢት ጋር ከበድ ያለ ከበሮና ቤዝ ጨምራ እንደገና የሠራችው ነው። የእኔ አቋም፦ ሁለተኛው ክፍል ባይኖር አልበሙ ይሻል ነበር። ዘፋኝ መርጦ ነው አልበም ማውጣት ያለበት። ምርጫውን ለእኛ ከተወው ሥራው አላለቀም።

ዲጄ፣ ከአቶቴ፦
አልስማማም እህቴ። በ2001 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሟን ስታወጣም የክላሲካል ፒያኖና የሂፕሆፕ ምት አብረው ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት 5 የግራሚ ሽልማት የወሰደችው በዚያው ሥራ ነው። ፒያኖዋን ከከበሮ ነጥላችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሰው በሞላበት አዳራሽ «ኦሪጅናልስ»ን ክፈቺና እዪው፣ ሰው ወሬውን ይቀጥላል። «አንሎክድ» ሲገባ ግን ይነሳል።

የፒያኖ መምህር፣ ታቦር አካባቢ፦
ስለ 2001 ያልከው ልክ ነው ልጄ፤ አዳራሽ መሙላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒያኖ ላይ መዶሻው አውታሩን እንደመታ ድምፁ መክሰም ይጀምራል። እንደ ማሲንቆ በደጋን እየሳብክ፣ እንደ ዋሽንት በትንፋሽ እየሞላህ አታቆየውም። ፔዳል ብትረግጥም ማዘግየት እንጂ ማስቀረት አትችልም። ስለዚህ የፒያኖ ዘፈን ውበቱ ግማሹ ድምፁ እየከሰመ በሚሄድበት ክፍተት ውስጥ ነው፤ ዘፋኟም ቃሏን የምታሳርፈው እዚያ ነው። «አንሎክድ» ላይ ያንን ክፍተት ሃይሃት (የከበሮው ሳህን) እና ቤዝ ይዘውታል። ፒያኖው አለ፣ ግን ተቆርጦ የሚደጋገም ቁራጭ ሆኗል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። እሳቸው ጊዜውን እንደ ስሜታቸው ያዘገዩት፣ ያፈጥኑት ነበር። በዚያ ላይ እኩል የሚመታ ከበሮ ጫንበትና የሚቀረውን ስማው።

ባጃጅ አሽከርካሪ፣ መናኸሪያ፦
መምህር፣ የሚሉትን አከብራለሁ። ግን ከመናኸሪያ ወደ ፍቅር ሐይቅ ስንወርድ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ያ የሚሉት ክፍተት አይሰማም። ቤዙ ግን ይደርሰኛል። ጸጥ ያለ ክፍልና ጥሩ ስፒከር ለሌለው ሰው ሁለተኛው ክፍል ባይሠራ ኖሮ ይህን አልበም ጨርሶ አልሰማውም ነበር። ለእኛም መታሰቡ ለምን ጥፋት ይሆናል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦
የገንዘቡን ነገርም አንርሳ። ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ ዘፈን ተሰማ የሚባለው ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው፤ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ደግሞ 1,500 ስትሪምን (በኢንተርኔት መሰማትን) እንደ አንድ የተሸጠ አልበም ይቆጥራል። ትራክ ሲበዛ ቆጠራው ይጨምራል። አሊሺያ ለዚህ ብላ ሠራችው አላልኩም። እንዲህ ያለ አሠራር ግን ረጅም አልበምን ይሸልማል፣ ዳታ የምንገዛውም እኛ ነን።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ወንድሜ ባለባጃጁ ያነሳኸው ከሁሉም የከበደኝ ነጥብ ነው። ሆኖም «ኦሪጅናልስ» ከበሮ የለውም ማለት አይደለም። «ቤስት ኦፍ ሚ» እኮ ምቱን ከዘፋኟ ከሻዴ ዘፈን ነው የተዋሰው፤ ባጃጅም ውስጥ ይሰማል። እዚያ ግን ከበሮው ዘፋኟን ይከተላል። «አንሎክድ» ላይ እሷ ናት ከበሮውን የምትከተለው። የእኔ ቅሬታ ይሄ ነው።

ዲጄ፣ ከአቶቴ፦
«ላላ»ስ? ከአልበሙ ቀድሞ በሲንግልነት የወጣው ይህ የ«አንሎክድ» ዘፈን ነው። እዚያ ላይ ድምፅዋ ዘና ብሎ ከምቱ ጋር ሲንሳፈፍ ማን ማንን እየተከተለ ነው?

የፒያኖ መምህር፦
«ላላ»ን ሰጥቼሃለሁ፤ እሱ ላይ ከበሮው ይስማማታል። አንድ ዘፈን ግን ግማሽ አልበም አያቆምም። እንዲህ ያሉ ሦስት ጨምርልኝና እንደገና አብረን እንሰማቸዋለን።