የሰሜን ሸዋ ሞክሼዎች፦ የትኛው ደብረ ብርሃን? የትኛው ዘርዓ ያዕቆብ?

ጓሳ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የጥያቄና መልስ ውድድር እያዘጋጀን ነው። ርዕሱ በሰሜን ሸዋ ያሉ ሞክሼ ቦታዎችና ሰዎች ነው። አንድ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ካለው ክርክር ይነሳል፣ ነጥቡም ለማን እንደሚሰጥ ይቸግራል። ተማሪውን የሚያስደንቁ የትኞቹ ናቸው? ጥያቄውስ እንዴት ይጻፍ?

ሞላሌ፦
ከዞኑ ስም ጀምሩ። «የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ማን ናት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደብረ ብርሃን ያለውም ፍቼ ያለውም ልክ ነው። አንዱ ዞን በአማራ ክልል፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ በማንኛውም ጥያቄ ላይ ክልሉ አብሮ ይጻፍ። የሸዋው ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚገኘው በፍቼው ሰሜን ሸዋ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የመንዝ ወረዳዎች ደግሞ የሰው ስም ናቸው። በአገሬው ትውፊት ማማ፣ ላሎና ጌራ መሬቱን የተካፈሉ ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የተባለው በእነሱ ነው። ተማሪውን የሚያስደንቀው ግን ጅማ ዞን ውስጥም ጌራ የሚባል ወረዳ መኖሩ፣ ምዕራብ ወለጋ ውስጥም ላሎ አሳቢ መኖሩ ነው። «ጌራ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «መንዝ ጌራ ምድር» ይባል።

አንጎለላ፦
በሰዎቹ በኩል ልጨምር። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። «ሐተታ» በተባለው የፍልስፍና ድርሰቱ የሚታወቀው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ አክሱም አካባቢ በ1599 ተወለደ የሚባለው ነው። በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ፤ የሐተታው ደራሲነትም እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል። ስለዚህ «ዘርዓ ያዕቆብ ማን ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ንጉሥ ማን ነው?» ካላችሁ መልሱ አንድ ብቻ ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። አንዱ መጽሐፍ 1426፣ ሌላው 1434 ነገሡ ቢል ንጉሡ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ ዓመት አታስገቡ።

የነገሥታት ስም ላይ ሌላም አለ። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው፤ ልጆች ሁለቱን ስም በቀላሉ ያምታታሉ። ጥያቄው ላይ የአባት ስም ይጨመር፦ ሣህለ ማርያም ኃይለ መለኮት። ተክለ ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ቅዱሱ የሸዋ ሰው ናቸው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ግን ራስ አዳል ነበሩ፤ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ሲነግሡ ነው። በጎንደር ዘመንም በዚሁ ስም የነገሡ አሉ።

ጣርማበር፦
ቦታ ላይ ልመለስ፤ እዚህ ስሕተቱ ገንዘብና ጉልበት ያስወጣል። ጣሪያው ላይ የመላእክት ፊት የተሳለበት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎንደር ነው፤ ያሠሩትም ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ናቸው። ሥዕሉን ፍለጋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ እንግዳ አያገኘውም፤ የከተማዋ ሥላሴ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ሲናም ብዙ ነው። ከጣርማበር ሥር ያለችው ከተማ አለች፤ ጎርጎራ ጣና ዳር ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ ኤርትራ ውስጥ ከረን አጠገብም የደብረ ሲና ገዳም አለ። ስልክ ላይ ስትፈልጉ «ደብረ ሲና ጣርማበር» ብላችሁ ጻፉ።

ሮቢት «ሸዋ ሮቢት» የምትባለው ቆቦ አጠገብ ሌላ ሮቢት ስላለ ነው። ዕቃ የሚልክ ሰው «ሮቢት» ብሎ ብቻ ካስጫነ መኪናው ሸዋን አልፎ ወሎ ድረስ ይሄድበታል። ካራ ቆሬም ሁለት ነው፦ የአዲስ አበባውና በደሴ መንገድ ከአጣዬ አለፍ ብሎ ያለው። በ1953 ዓ.ም. በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ የተመታው ሁለተኛው ነው፤ አጠገቡ ያለችው ማጀቴ ያኔ ፈርሳለች። ይህን ለተማሪዎች ብትጠይቁ በጣም ደስ ይለኛል፤ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው።

አጣዬ ራሷ ኤፌሶን ትባላለች፤ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ኤፌሶን ግን ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት።

ጓሳ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሀገረ ማርያምስ? አንድ የቆየ ሰነድ ላይ አጋጥሞን ነበር።

ሞላሌ፦
ሰነዱ ላይ ሲዳሞ ወይም ቦረና የሚል ካለ የዛሬዋ ቡሌ ሆራ ናት፤ የቀድሞ ስሟ ሀገረ ማርያም ነበር። ከሰም ወይም ኮረማሽ የሚል ካለ የእኛው ሀገረ ማርያምና ከሰም ወረዳ ነው። ሁለቱም ከሌለ ጥያቄ አታድርጉት።