ኦዱ ወይም ኢአርፒኔክስት የሚተክልልን ድርጅት ስንቀጥር ውሉ ላይ ምን ይግባ?

ጠያቂ፦ ጊርቦክስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮአችን ፒያሳ ነው፣ መርካቶ ሁለት ሱቅ አለን፤ የመኪና መለዋወጫ እናስመጣለን። ሒሳቡ በፒችትሪ ሶፍትዌር፣ ስቶኩ በኤክሴል ነው የሚያዘው፣ ሲስተሙን የሚጠቀሙት 14 ሰዎች ይሆናሉ። ከሦስት አማካሪ ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰብስበናል፤ ሁለቱ ኦዱ፣ አንዱ ኢአርፒኔክስት ያቀርባሉ (ሁለቱም ሽያጭን፣ ስቶክንና ሒሳብን በአንድ ላይ የሚይዙ ሶፍትዌሮች ናቸው)። ዋጋቸው በጣም ይራራቃል፤ ርካሹ ደግሞ ዝርዝር የለውም፣ «ሙሉ ትግበራ» ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ጽፏል። ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ የምንከፍለው ለምኑ ነው? ውሉንስ እንዴት እናስረው?

መልስ፦ ባለ ተርሚናል

ኦዱ ሁለት ዓይነት ስለሆነ አቅራቢዎቹን መጀመሪያ «ኮሚዩኒቲ ነው ኢንተርፕራይዝ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። ኢንተርፕራይዙ ክፍት ምንጭ አይደለም፤ በተጠቃሚ ቁጥር እየተሰላ የሚታደስ ክፍያ አለው። ኮሚዩኒቲው ነፃ ነው፣ ግን ባላንስ ሺትና ትርፍና ኪሳራን የመሰሉ ሙሉ የሒሳብ ሪፖርቶችና የደመወዝ ሞጁሉ (ተጨማሪ ክፍሉ) አብረውት አይመጡም። ወይ ኦሲኤ (የኦዱ ኮሚዩኒቲ ማኅበር) ከሚያዘጋጃቸው ሞጁሎች ይሞላል፣ ወይ አማካሪው ራሱ ይጽፈዋል፤ የትኛው እንደሆነ ፕሮፎርማው ላይ መታየት አለበት። ኢአርፒኔክስት እንዲህ ያለ ክፍፍል የለውም፣ ፈቃዱ ጂፒኤል 3 የሚባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ ነው። ደመወዙ ግን ከቨርዥን 14 ጀምሮ ወደ ሌላ አፕ ስለወጣ ለብቻው ይጫናል።

የምትከፍሉት ለሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ዋጋውን በሥራ ቀን ዘርዝረው ያምጡ፦ ጥናቱ ስንት ቀን፣ ማዋቀሩ ስንት፣ ዳታ ማዛወሩ ስንት፣ ስልጠናው ስንት፣ አዲስ የሚጻፈው ኮድ ስንት። በአንድ ቁጥር የተጠቀለለ ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድሉት ዳታ ማዛወርና ስልጠና ናቸው፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ «ይሄ ተጨማሪ ነው» ተብለው ይመጣሉ።

ውሉ ላይ ሳይጻፉ የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ለእናንተ የሚጻፈው ኮድ ሁሉ በራሱ ሞጁል ወይም አፕ ይቀመጥ፣ የሶፍትዌሩ ዋና ኮድ አይነካ። ዋናው ከተነካ በሚቀጥለው አፕዴት ወይ ለውጡ ይጠፋል ወይ አፕዴቱ አይሠራም፣ እናንተም አሮጌ ቨርዥን ላይ ተቸንክራችሁ ትቀራላችሁ። ኮዱ በእናንተ የጊት (የኮድ ማከማቻ) አካውንት ላይ ይቀመጥ። የሰርቨሩ ሩት (ዋና አዛዥ) ፓስወርድ፣ ዶሜኑና የአድሚን አካውንቱ በድርጅታችሁ ስም ይሁኑ፤ አማካሪው የራሱ መግቢያ ይሰጠው። ከዚህ በላይ ነፃነታችሁን የሚያስጠብቅ ነገር የለም፤ ነገ ሌላ ባለሙያ መቅጠር የምትችሉት ይሄ ሁሉ በእጃችሁ ሲሆን ነው።

አከፋፈሉን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ 20 በመቶ ቅድሚያ፣ 20 የጥናቱ ሰነድ ሲፈረም፣ 30 በራሳችሁ ዳታ ሙከራው ሲያልፍ፣ 20 ሥራ ጀምሮ የመጀመሪያው ወር ሒሳብ ሲዘጋ፣ 10 ደግሞ ለዋስትና ሦስት ወር እናንተ ጋ ይቆይ። «ሲስተሙ ተጭኗል» በሚል ደረጃ ላይ ብዙ ገንዘብ አታድርጉ፤ መጫኑ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

መልስ፦ ሒሳብ ሹም

ከላይ «ሙከራው ሲያልፍ» የተባለው በምን እንደሚለካ ካልተጻፈ ጭቅጭቅ ነው። መለኪያው ይሄ ይሁን፦ ቫት አሳውቃችሁ የጨረሳችሁትን አንድ ወር ውሰዱ፤ የወሩን ሽያጭ፣ ግዢና ዲክላራሲዮን በሙሉ ሙከራው ላይ አስገቡ። ሲስተሙ የሚያወጣው የቫት ሪፖርት ካሳወቃችሁት ጋር እስከ ሳንቲም ካልገጠመ አላለፈም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ቀን ነው። የመስከረም 2018 ቫት ማለት ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ያለው ነው፤ ሲስተሙ ላይ «ወር» ብላችሁ ስትመርጡ ግን የፈረንጁን ወር ነው የሚያወጣው። በኢትዮጵያ ወር የሚያጣራ ሪፖርት ጥናቱ ላይ ይካተት። የበጀት ዓመቱ መነሻ ሐምሌ 1 ስለሆነ ጁላይ 8 ተብሎ ይሞላል፣ እሱ ቀላል ነው።

ለአስመጪ ትልቁ ነገር የዕቃ ወጪ ነው። የአንድ ኮንቴይነር ሙሉ ሰነድ ስጧቸውና ፊታችሁ ያስሉት። ጉምሩክ ቀረጥ፣ ሱር ታክስ፣ ከጅቡቲ ማጓጓዣ፣ የትራንዚተር ክፍያ በዕቃው ዋጋ ላይ ይደመራሉ። ጉምሩክ ላይ የተከፈለው ቫትና ዊዝሆልዲንግ ግን አይደመሩም፤ አንዱ ተመላሽ ወይም ተቀናሽ፣ ሌላው ቅድሚያ የተከፈለ የትርፍ ግብር ነው፣ በሀብት ሒሳብ ይያዛሉ። እነዚህን ዋጋ ውስጥ ቢደምሩባችሁ የፍሪን ሸራው ዋጋ ሁሉ ይነፋል፣ ትርፋችሁም ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። የማጓጓዣው ደረሰኝ ግማሹ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ ሲመጣስ ሲስተሙ ምን ያደርጋል? ይሄንንም በተግባር ያሳዩአችሁ።

የታክስ መጠኖች ኮድ ውስጥ ተጽፈው እንዳይቀሩ፣ ከነሚጸኑበት ቀን በሠንጠረዥ ይያዙ። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲወጣ የአገር ውስጥ ዊዝሆልዲንግ ከ2 ወደ 3 በመቶ አድጓል፣ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መጠንም ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጡረታው ከሠራተኛ 7፣ ከአሠሪ 11 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ፕሮግራመር መጥራት የለባችሁም።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ ከሲስተሙ የሚታተመው ኢንቮይስ የፊስካል ደረሰኝን አይተካም። ሁለቱ እንዲገናኙ ከፈለጋችሁ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ አቅራቢም መተባበር ስላለበት ከአሁኑ ጠይቁት።

መልስ፦ ባለ ተርሚናል

ባክአፕ ረስቼ ነበር። ኦዱ ላይ ዳታቤዙን ብቻ መገልበጥ አይበቃም፤ ፋይልስቶር የሚባለው ፎልደር ካልተያዘ ስካን ተደርገው የተያያዙት ሰነዶች አይመለሱም። ኢአርፒኔክስት ላይ ደግሞ ከዳታቤዙና ከፋይሎቹ ጋር የሳይቱ ኮንፊግ ፋይል ይቀመጥ፤ የኢንክሪፕሽን ቁልፉ እዚያ ስላለ ያለሱ ሲስተሙ ውስጥ የተቀመጡት የኢሜይልና መሰል ፓስወርዶች አይፈቱም። ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ባክአፑን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሰው ያስነሱላችሁ።

ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፎንት መጫኑንም እዩ፤ አለበለዚያ በስክሪን ላይ ደህና የሚታየው አማርኛ ፒዲኤፍ ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ደንበኞችን ደግሞ በስም ሳይሆን በቲን ቁጥር ለዩ። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ የዱቤ ሒሳቡም በሦስት ይከፈላል። ለዕቃውም እንዲሁ፣ የፋብሪካው ፓርት ነምበር ኮድ ይሁን።

ጊርቦክስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሐምሌ 1 ይጀመር ይላሉ ሦስቱም። ይሻላል?

ሒሳብ ሹም

መነሻ ሒሳቡ ንጹሕ ስለሚሆን ደስ ይላል፤ ግን ያኔ ቆጠራ ላይ ናችሁ፣ የዓመቱ መዝጊያና የግብር ማሳወቂያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይይዛችኋል። ጥር 1 ቢሆን እመርጣለሁ። የታኅሣሥ 30 ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ከፒችትሪ ይወጣል፣ የሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ገቢና ወጪ በየወሩ በአንድ በአንድ ጆርናል ይገባል፣ ስቶኩ በዚያው ሳምንት ይቆጠራል። ኢአርፒኔክስት ከሆነ መነሻው ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ የመነሻ ቁጥሮች ጊዜያዊ ማሳረፊያ የሆነው «ቴምፖራሪ ኦፕኒንግ» የሚለው ሒሳብ ዜሮ መምጣት አለበት። አንድ ብር እንኳ ቀርቶበት ከሆነ ሽያጭ አታስጀምሩ፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ከስቶክ፣ ከዱቤ ወይም ከባንክ ስለሆነ በዚያ ቅደም ተከተል ፈልጉት።