የተበላሸ የፍሳሽ መስመር፦ ይቆፈር ወይስ ሳይቆፈር ይጠገን?

አስተባባሪ፦ የዛሬው የመከራከሪያ ጥያቄ ይኸው። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ዳር ያሉ ሆቴሎች፣ ካፌዎችና የቢሮ ሕንፃዎች የፍሳሽ ቱቧቸው ሲበላሽ የእግረኛውን መንገድ መቆፈር ይከልከል? ሳይቆፈር ከውስጥ የሚጠገንበት ዘዴስ ግዴታ ይሁን? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

የካፌ ባለቤት፦ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። ከጎናችን ያለው ሕንፃ መስመሩ ተበላሽቶ በራችን ፊት ተቆፍሮ ነበር። ደንበኛ በሳንቃ ላይ እየተንገዳገደ ነበር የሚገባው። አፈሩ በረንዳችን ላይ ተከመረ፤ የቡናው ሽታ በፍሳሹ ተዋጠ። ጉድጓዱ ሲደፈን ንጣፉ እንደ ድሮው አልሆነም። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጥል እዚያው ላይ ውሃ ያቁራል። አከራዬ ደግሞ ከኪራዩ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልቀነሰልኝም።

ሳኒተሪ መሐንዲስ፦ አይዞሽ እህቴ። ዘዴው አዲስ ነገር አይደለም፤ ኤሪክ ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ ቱቦው በግፊት ውሃ ይታጠባል፣ በካሜራ ይታያል። ከዚያ በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ የተነከረ ረጅም ጨርቅ በማንሆል በኩል በውሃ ወይም በአየር ግፊት ይገባል፤ እየገባ ልክ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ሬዚን ያለበት ገጽ ከአሮጌው ቱቦ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና በሙቅ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይደርቃል። በአሮጌው ውስጥ አዲስ ቱቦ ተሠራ ማለት ነው። ከጎን የሚገቡት መስመሮች አፋቸው ስለሚሸፈን በሮቦት መቁረጫ ከውስጥ ይከፈታሉ። ብዙውን ጊዜ ለ50 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚነደፈው። ውስጡ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ ግን ልሙጥ ስለሆነ ፍሰቱ ብዙም አይጎዳም።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ ሲነገር ደስ ይላል። ማን ይሠራዋል? በምን ገንዘብ? ሬዚኑ ከውጭ፣ ጨርቁ ከውጭ፣ ሮቦቱ ከውጭ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስንት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሬዚን ደግሞ ቀን አለው፤ መጋዘን ውስጥ ሙቀት ላይ ከሰነበተ ይበላሻል። የእኔ ሕንፃ ከግቢው እስከ ዋናው ማንሆል ያለው መስመር 20 ሜትር ቢሆን ነው። ለ20 ሜትር ብሎ ያን ሁሉ መሣሪያ ማን ይዞ ይመጣል? ቁፋሮ ከሆነ ጠዋት የቀን ሠራተኛ ጠርቼ ከሰዓት ቱቦው ላይ እደርሳለሁ። ሕግ ከመውጣቱ በፊት ሠሪው ይኑር።

የካፌ ባለቤት፦ ጋሼ፣ ቁፋሮ ርካሽ የመሰለዎት የእኛን ኪሳራ ስላልቆጠሩት እኮ ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ እሱ እውነት ነው፣ እህቴ። የቆፈረ ለጎረቤቱም ለተከራዩም ይካስ ካልሽ ፊርማዬን አኖራለሁ። ዘዴውን ግዴታ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የምታወሩት። እስቲ ወደ ቱቦው እንመለስ። እኔ ብዙ ቦታ የማገኘው ችግር ስንጥቅ አይደለም። ሲቀበር ከሥሩ አሸዋ አልተነጠፈለትም፤ አፈሩም በደንብ አልተጠቀጠቀም። በተለይ ጥቁሩ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቱቦው መሃል ላይ ይሰምጣል። ፍሳሹ እዚያ ይተኛል፣ የወጥ ቤት ቅባት ይረጋበታል፣ በየጊዜው ይደፈናል። ጨርቁን ብታስገቡበት የሰመጠውን ቅርጽ እንደያዘ ነው የሚደርቀው። ጭራሽ የተደረመሰ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ማለፊያም የለውም። እንዲህ ያለው ተቆፍሮ ተዳፋቱ ካልተስተካከለ አይድንም። ሕጉ በደፈናው «አይቆፈርም» ካለ አንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ? ሌሊት ወደ ጎርፍ መውረጃው ይለቀዋል። ከዚያ ወንዝ ውስጥ ነው።

ሳኒተሪ መሐንዲስ፦ ወንድሜ ያለው ትክክል ነው። አሮጌውን ቱቦ ከውስጥ እየሰባበሩ በቦታው ፖሊኢትሊን የሚባል የፕላስቲክ ቱቦ የሚጎትቱበት መንገድም አለ፤ ሰፋ ያለ ቱቦ ለማስገባትም ይጠቅማል። እሱም ቢሆን ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜ ጫፍና ጫፍ ላይ። ሲሰብር ዙሪያውን አፈር ስለሚገፋ ቅርብ ያሉ ኬብሎችንና ቧንቧዎችን ሊጎዳ ይችላል። በኮሪደሩ ደግሞ ኬብሉ ወደ መሬት ውስጥ ገብቷል። በጭፍን የሚገባበት አይደለም።

የክሊኒክ ባለቤት፦ ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ ጋዙ። ፖሊስተር የሚባለው የሬዚን ዓይነት ሲደርቅ ስታይሪን የተባለ ለጤና ጎጂ ኬሚካል ይለቃል። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በእንፋሎት ሲደርቅ የሚወጣው ነጭ ጭስ እንፋሎት ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። እኔ ምድር ቤት ላይ ክሊኒክ አለኝ፤ ሕፃናት ይታከሙበታል። ብዙም የማንጠቀምበት የወለል ፍሳሽ መውረጃ ሲፎኑ፣ ማለትም ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው ጎባጣ ቱቦ፣ ውሃው ደርቆ ከሆነ ጋዙ በቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ተከራይ ይነገር፣ በየመውረጃው ውሃ ይጨመር፣ መስኮት ይከፈት። ቁፋሮን የሚተካውን ዘዴ የምንቀበለውም ጉዳቱን ሁሉ አውቀን ይሁን። ስታይሪን የሌለበት ሬዚንም አለ፤ ክሊኒክና ምግብ ቤት ያለበት ሕንፃ ላይ እሱ ግዴታ ይሁን።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ በዚህ ላይ እጄን አወጣለሁ።

ሳኒተሪ መሐንዲስ፦ እኔ ሐሳቤን እንዲህ አሻሽላለሁ። ዘዴው ግዴታ አይሁን፤ ካሜራው ግዴታ ይሁን። ማንም የቁፋሮ ፈቃድ ሲጠይቅ የመስመሩን ቪዲዮ ያቅርብ። ስንጥቅ፣ የዛፍ ሥር ወይም የላላ መጋጠሚያ ብቻ ከሆነ ከውስጥ ይጠገን። ከሰመጠ ወይም ከተደረመሰ ይቆፈር፤ የተቆፈረውም በነበረበት ጥራት ይመለስ። ካሜራ ሮቦት ማለት አይደለም፣ ዋጋውም እንደዚያ አይደለም። ሥራው መኖሩ ሲታወቅ በጨርቅ የሚጠግን ኮንትራክተርም ይመጣል። 20 ሜትር ለብቻው አያዋጣም፤ አንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሕንፃዎች አብረው ቢያሠሩ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ ካሜራውን እቀበላለሁ። ቪዲዮው ግን ለፈቃድ ሰጪው ብቻ ነው የሚሰጠው። ለተከራይ ከተሰጠ በማግስቱ «ቱቦው አሮጌ ነው፣ ኪራይ ቀንሱ» ይመጣል።

የካፌ ባለቤት፦ ይምጣ እንጂ! አሮጌ ከሆነ ለምን አልጠይቅም? መስመሩ የሚያልፈው በኔ ወጥ ቤት ወለል ሥር ነው፤ ሲገነፍልም መጀመሪያ የሚገነፍለው እኔ ጋ ነው። ቪዲዮው ለእኔም ይሰጠኝ። ይህ ሳይገባበት በካሜራው ሐሳብ አልስማማም።