የቲነር ሽታንና ትነትን በቀዝቃዛ ፕላዝማ ማጥፋት ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የቤት ዕቃ ቀለም በምንቀባበት ጠባብ ክፍል የቲነሩ ሽታ ቀኑን ሙሉ ስለማይለቅ፣ በቀዝቃዛ ፕላዝማ የሚሠራ አየር ማጽጃ እንድገዛ ተመክሬአለሁ። ፕላዝማ እጅግ የጋለ ጋዝ ከሆነ እንዴት ቀዝቃዛ ይባላል? በቲነሩ ውስጥ ያለውን ቶሉይን የተባለ ተናኝ ኬሚካልስ በእርግጥ ያፈርሳል?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ቀዝቃዛ የተባለው ጋዙ በክፍሉ ሙቀት አካባቢ ስለሚቆይ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ከ10,000 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሙቀት ጋር የሚስተካከል ጉልበት አላቸው። በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል መስታወት ገብቶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲለቀቅ፣ ሐምራዊ የሆኑ ቀጫጭን ብልጭታዎች ይታያሉ፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቨርነር ሲመንስ በ1857 እ.ኤ.አ. ኦዞን (ከሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተሠራ ጋዝ) ያመረተው በዚሁ ዘዴ ነበር። ቶሉይንን የሚያፈርሱት ኤሌክትሮኖቹና እነርሱ ኦክስጅንንና የውኃ ትነትን ሲመቱ የሚፈጠሩት ንቁ ቅንጣቶች ናቸው።

የአየር ማናፈሻ ባለሙያ፦ መፍረሱስ ይፈርሳል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። ቤንዛልዲሃይድ የተባለ ሌላ ኬሚካልና መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተርፋሉ፣ ሲተነፍሱት የሚጎዳው ኦዞንም ይጨመራል፤ ስለዚህ ኦዞኑን የሚበትን እንደ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ያለ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) የሌለውን መሣሪያ እኔ አልገዛም። ከሁሉ በላይ ግን የቲነር ትነት ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ ለዚሁ ሥራ ያልተሠራ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳያስገቡ።

ጠያቂ፦ ሻጩ ስለ ካታሊስትም ሆነ ስለ እሳት አንዳች አልነገረኝም። ግዢውን ትቼዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።