ጥቆማ፦ ጽጌረዳዬ ቢጫ ሆነብኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማንን ላማክር?

ጠያቂዋ፦ እንደምን አላችሁ? አምና የግንብ አጥራችን እንዳለቀ ጥጉን ተከትዬ የተከልኳቸው ስድስት የጽጌረዳ እግሮች ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ነው። ከግብርና ግብዓት ሱቅ መድኃኒት ልግዛ፣ ችግኝ የሚሸጡትን ላማክር ወይስ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ አትክልተኛ ልጥራ? የሞከራችሁ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የጠባሴ ነዋሪ፦ እህቴ፣ ከችግኝ ሻጮቹ የሚበልጥ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምገዛው ከአንድ ሰው ነው፤ ግቢዬን ያየ ሁሉ ከየት እንዳመጣሁት ይጠይቀኛል።

ከባሶና ወራና፦ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት የእኔን ይስሙ። አምና ለተባይ የሚረጭ መድኃኒት የሸጠልኝ ሱቅ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫም አከራየኝ፤ ነገር ግን ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ ሲረጭበት የቆየና በደንብ ያልታጠበ መሆኑን አልነገረኝም። ቱ ፎር ዲ ስንዴውን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋ ስለሆነ ጽጌረዳን ከአረም አይለይም። ብዙም ሳይቆይ ለጋዎቹ ቅርንጫፎች እንደ ገመድ ተጠማዘው አገኘኋቸው። እናቴ በእጇ የተከለቻቸው ነበሩ።

የደብረ ሲናው፦ እጅግ ያሳዝናል ወንድሜ። እኔም መርጫ የምዋሰው ከጎረቤት ነውና በምን ቢታጠብ ይለቃል?

ከባሶና ወራና፦ ለአረም ማጥፊያ የዋለውን መርጫ ለአበባ ጨርሶ አለመጠቀም ይሻላል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለምን ቡገንቪላ አይተክሉም? እኛ ዘንድ ያለ ብዙ ድካም ያብባል።

የጠባሴ ነዋሪ፦ የደጋውን የኅዳር ውርጭ አይችልም።

ከአንኮበር፦ እህታችን የጠየቁት ሌላ፣ የምንመልሰው ሌላ ነው፤ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል እንደሆነ እንኳ የጠየቃቸው ሰው የለም። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ ሁኔታ ቢጫ ከሆኑ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ከላይ ያሉት ለጋዎቹ ቢጫ ሆነው በላያቸው ያለው የጅማት መረብ አረንጓዴ ከቀረ ብረት እያነሳቸው ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለበትና ከረገፈ ግን በዝናብ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ስለሆነ የረገፈውን ለቅመው ያቃጥሉ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ቆፍረው አፈሩን ይዩት፤ ውሃ ያቆረ ጥቁር አፈር ሥሩን አየር ስለሚያሳጣው ማዳበሪያ ቢጨመርበትም አይጠቅምም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቢጫ የሆኑት የላዮቹ ናቸው፤ መረባቸው አረንጓዴ ነው፣ ነጠብጣብም የላቸውም። ስቆፍር አፈሩ ጣቴ ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ፤ ግንበኞቹ የጣሉት የሲሚንቶ ፍርካሽም ወጣ። የኩበት አመድ ያዳብራል ብለውኝ በየሳምንቱ አፈስበት ነበር።

ከአንኮበር፦ እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሲሚንቶም አመድም የአፈሩን አልካላይነት (የአሲድነት ተቃራኒውን) ይጨምራሉ፤ እንዲህ ባለ አፈር ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊስበው አይችልም። አመዱን ያቁሙ፣ ፍርካሹን ይልቀሙ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ይክፈቱ፣ የተብላላ ኮምፖስትም ይጨምሩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ግብዓት ሱቅ ከሄዱ ኬሌት የሆነ ብረት፣ ማለትም ሥሩ ሊስበው በሚችል መልክ የተዘጋጀውን፣ ይጠይቁ፤ መለያ የሌለውን ዕቃ ግን አይቀበሉ። ለውጡን በአሮጌዎቹ ሳይሆን አዲስ በሚወጡት ቅጠሎች ላይ ይከታተሉ።

የጠባሴ ነዋሪ፦ ኮምፖስቱን እኔ ከምገዛበት ይውሰዱ፤ ሌላ ቦታ አይድከሙ።

ከባሶና ወራና፦ ወንድሜ ከአንኮበር፣ የእናቴን ጽጌረዳዎች ከሥር ብቆርጣቸው መልሰው ያቆጠቁጡ ይሆን?