የልጅነቴ የጌም ሽጉጥ አልመታ አለኝ፣ ተበላሽቶ ነው?

ጥያቄ
ሰላም ናችሁ? ዕቃ ስናራግፍ የልጅነታችን የጌም ካርቶን ተገኘ። ሁለት ጆይስቲክ፣ ገመዱ የተወሳሰበ ሽጉጥ፣ አስር የሚሆኑ ካሴቶች ከነማሽናቸው እና አንድ ፕሌይስቴሽን 1 ከነሜሞሪ ካርዱ። ካሴቱን እንደ ድሮው እፍ ብዬ ሰካሁት (ሳቁብኝ) እና ሠራ! ሽጉጡ ግን እምቢ አለ። ዳክዬዎቹ ፊቴ ይበራሉ፣ እተኩሳለሁ፣ አንዷም አትወድቅም። ልጄ ደግሞ "አባዬ፣ አትችልም እንዴ?" ይለኛል። በልጅነቴ የሚደርስብኝ አልነበረም እያልኩ ስጎርርበት የኖርኩት ልጅ እኮ ነው። ምን ላድርግ? በዚያው፣ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ላደጋችሁ፣ ለእናንተ ትልቁ ለውጥ የቱ ነበር?

መልስ 1
ሽጉጥህ ጤነኛ ነው። የተቀየረው ቲቪው ነው። ይሄ ሽጉጥ ምንም ነገር አይተኩስም፣ የሚያደርገው ማየት ነው። ምላጩን ስትስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ላይ ብቻ ነጭ ሳጥን ብልጭ ይላል። ሽጉጡ በዚያች ቅጽበት ነጩን ካየ መትተሃል ማለት ነው። ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮ ቲቪ ምስሉን ወዲያው ነበር የሚያወጣው፣ ጠፍጣፋው ግን ተቀብሎ አስተካክሎ እስኪያሳይ ትንሽ ይዘገያል፣ በዚያ ላይ ሽጉጡ የተሠራው የድሮውን ስክሪን ብርሃን እንዲለይ ስለሆነ አዲሱን ከነጭራሹ አያውቀውም። መጀመሪያ የሚጠቁረው ለምን መሰለህ? አምፖል ላይ አነጣጥረን እንዳናጭበረብር ነው። ሞክሬያት አውቃለሁ።
እፍ ማለቱንም ተው። የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ይጎዳዋል። የሚሠራልህ ነቅለህ መልሰህ ስለሰካኸው ነው።

መልስ 2
ሜሞሪ ካርድ! አልከራከርም። ከዚያ በፊት ብዙው ጌም ሴቭ አያደርግም (የደረስክበትን አያስቀምጥልህም)፣ ወይ ደግሞ ረጅም ፓስወርድ ወረቀት ላይ ትገለብጣለህ፣ አንዷን ፊደል ከተሳሳትክ አለቀልህ። እኔ ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ሳላጠፋ፣ ቲቪውን ብቻ አጥፍቼ፣ መብራቷ እንዳትታይ ፎጣ ጥዬባት ስተኛ ጠዋት አንድ ሰው "መብራት ይቆጥባል" ብሎ ነቅሎት አገኘሁት፣ እስካሁን አልወጣልኝም።
እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሌይስቴሽን መጣና ያ ሁሉ ቀረ። ካርዷ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበረች፣ ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባባትም። 15 ብሎክ (ሴቭ የሚቀመጥበት ቦታ) አላት፣ በብሎክ ከወንድሜ ጋር ያልተጣላነው ጠብ የለም።
ካሴቶችህ ውስጥ ሴቭ የሚያደርግ ካለ ደግሞ ውስጡ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። እሷ ካለቀች ሴቩም አብሮ ይጠፋል።

መልስ 3
ይቅርታ፣ ሜሞሪ ካርድ ምኑ ነው ትልቅ? ኢንተርኔት ነው እንጂ! ድሮ ሲዲውን ትከታለህ፣ ትጫወታለህ። አሁን አንድ ሰዓት አለኝ ብለህ ስትከፍተው ሰዓቷን አፕዴት ይበላታል። ሱቁም ቢሆን ያው ነው። ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ዊ ዩ እና 3ዲኤስ የሚባሉትን የጌም ማሽኖቹን የኦንላይን ሱቅ ዘጋ፣ በሲዲ ወይም በካሴት ያልወጣውን ጌም አሁን ልግዛ ብትል ከየት ታመጣዋለህ? ያንተ ካርቶን ግን ይኸው ከስንት ዓመት በኋላም ሠራ።
ፕሌይስቴሽን 2ን ግን አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ዲቪዲ ያጫውት ስለነበር "ፊልም ታዩበታላችሁ" ብለን ነው ወላጆቻችንን ያሳመንናቸው። ፊልሙን ማን አስነካቸው!

መልስ 4
እኛ ቤት ኮንሶል የሚባል አልነበረም። የኔ ጌም የአክስቴ ኖኪያ 3310 ላይ ያለችው እባብ ናት። ሰው ሲደውል የምናደደው እኔ ነበርኩ፣ ስልኩ የሷ መሆኑን ረስቼ። ስለዚህ ለኔ ትልቁ ለውጥ ስልክ ነው። አሁን ስልኬ ላይ ስንት ጌም አለ፣ አንዱንም አልጨርስም።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዘመድ ቤት አንድ ጀርባው ትልቅ ቲቪ ተሸክሜ መጣሁ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር። ሠራ! ዳክዬዎቹ መውደቅ ጀመሩ፣ እኔ ግን ከአስር ሦስቷን ሳትኩ። ልጄ የሽጉጡን አፍ ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ነው የሚተኩሰው፣ አንዷንም አይስትም። እኛም እንደዚያ እናደርግ እንደነበር አልነገርኩትም።
ሜሞሪ ካርዱንም ከፈትኩት። ከ15ቱ ብሎክ 14ቱ የእህቴ ነው። ዛሬ ማታ ደውዬ እጠይቃታለሁ።