ደብረ ሊባኖስ በአንድ ቀን፦ ገዳሙ፣ ዋሻውና ገደሉ፤ ከየቱ እንጀምር?

አቢ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። 11 ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ አስበናል። ገዳሙን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዋሻ፣ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውንና ገደሉን ማየት እንፈልጋለን። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አብረውን አሉ። አስጎብኚ ከዚህ እንያዝ ወይስ እዚያ?

የሰላሌ ሰው፦ ከገዳሙ ጀምሩ። ድልድዩ ከጎጃም መንገድ እንደታጠፉ ስለሚገኝ ብዙው ሰው "መንገዳችን ላይ ነው" ብሎ እዚያ ይወርዳል፣ ቁርሱንም እዚያው ይበላል። ዋሻው ሲደርስ ጠበል ሊጠጣ የመጣው ሁሉ በልቷል! በባዶ ሆድ ገዳም፣ ከምሳ በኋላ ገደል። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 12 ሰዓት ከተነሳችሁ 2 ሰዓት ተኩል ግድም ትደርሳላችሁ። ቀኑ ወር በገባ 24 ላይ እንዳይውል እዩ፤ ሕዝቡ መኪና ማቆሚያ አያስተርፍም። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሆን ውስጡን ማየት የሚቻለው ጠዋት ነው።

እህተ ማርያም፦ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሙዚየሙ የገዳሙ ሰው ያስረዳችሁ። የሙዚየሙ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ጭቅጭቁ ሁሌ ከዚያ ነው የሚነሳው። ለግንቦት 12 በዓል መጥተው በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ስለተፈጁት መነኮሳትና ምእመናን ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ የሚዘለው እሱ ነው። ሴቶች ነጠላ፣ ሁላችሁም ለማውለቅ የማያስቸግር ጫማ። ወደ ዋሻው የሚወስደው በእግር ነው፣ ዳገት አለው። እናታችን ዘንግ ይያዙ፣ ቀስ ብለው ይውጡ፤ ካቃታቸው ጠበሉን በጀሪካን አምጡላቸው።

መንገደኛ፦ ገደሉን ፎቶ ብቻ አንስታችሁ አትመለሱ። ላይኛው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ከመሬት የፈሰሰ ባዛልት፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ደረጃ የመሰለው አንዱ ፍሳሽ ሌላው ላይ እየተነባበረ ስለረጋ ነው። ከሥሩ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ዕድሜውም በጣም ይበልጣል። ባዛልቱ በቁሙ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ጠንካራ መስሎ ይከዳል፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቁ። ድልድዩን ፖርቱጋሎች ሠሩት ይባላል እንጂ የሰላሌ ገዥ የነበሩት የራስ ዳርጌ ዘመን ሥራ ነው፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን። ውሃው ከእሱ ዝቅ ብሎ ገደል ስለሚገባ ክረምትና መስከረም ላይ እርጥቡን አለት አትርገጡ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ቀን ሣር ለመጋጥ ሜዳው ላይ ይወጣሉ፤ ከሰዓትም ታገኟቸዋላችሁ። ዳቦ አትወርውሩ፣ ከለመዱ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራሉ።

አቢ፦ ተባረኩ። ሾፌራችን መንገዱን አያውቀውም፤ ያስቸግረዋል?

የሰላሌ ሰው፦ ከመገንጠያው ወደ ገዳሙ ቁልቁለት ነው። ሙሉ ሰው ጭኖ በፍሬን ብቻ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፤ ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባ፣ እየረገጠ እየለቀቀ ይውረድ። ስትመለሱ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ተነሱ፤ እንጦጦ ላይ ጭጋግና የጭነት መኪና ሰልፍ ሳይገጥማችሁ ትገባላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ዋዜማውን ደውሎ መጠየቅም አይረሳ።